አሥራ ስድስት ዓመት ብቻ ያገለገለው ጣቢያ

(ቅዳሜ ከሰዓት በበርሚንግሃም ለተሰበሰብን ያገር ልጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ነካክቼዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ከመካከላችሁ ወደዚህ ከተማ በአውቶቡስ የመጣ ሰው ዲግቤዝ መናኸሪያ ላይ ወርዷል። ከዚያ ብዙም ሳትርቁ፣ በግንባታ አጥርና በክሬን ተከቦ ብቻውን የቆመ አንድ ካሬ የድንጋይ ቤት አለ። ሦስት ፎቅ ነው፤ ፊቱ ላይ አራት ወፋፍራም ዓምዶች ተደርድረዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ መስኮት እያየሁት ሳልፍ ፍርድ ቤት ይመስለኝ ነበር። ባቡር ጣቢያ መሆኑን የነገረኝ አብሮኝ የሚሠራ የከተማው ተወላጅ ነው፤ እሱም ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር።

አባቴ ድሬዳዋ ሸመንደፈር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። እኔም ያደግሁት የባቡሩን ፉጨት እየሰማሁ ነው፤ በእኛ ቤት ሰዓት የሚባለው እሱ ነበር። ያን ቀን ማታ ደውዬ "አባባ፣ እዚህ እኮ መቶ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ጣቢያ አለ" አልኳቸው። "ስንት ሀዲድ አለው?" አሉኝ። "አንድም" አልኩ። "ታዲያ ምኑ ነው ጣቢያ?" ብለው ወደ ጤናዬ ጥያቄ አለፉ። የዛሬው ንግግሬ፣ ቢዘገይም፣ ለእሳቸው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ነው።

ቤቱ ከርዞን ስትሪት ይባላል። የተከፈተው በ1838 ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ዙፋን ላይ ከወጣች ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዘውድ የጫነችውም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። በእኛ አገር ያኔ ዘመነ መሳፍንት ነው። ካሳ ኃይሉ ገና የሃያ ዓመት ገደማ ጎበዝ ነበር። ይህን የማነሣው እንዲያው ለጌጥ አይደለም። ጣቢያው መደበኛ መንገደኛ ማስተናገድ ያቆመው በ1854 ነው፤ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1855 የካቲት፣ ካሳ ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የዚህ ጣቢያ የመንገደኛ ዕድሜ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በዘመነ መሳፍንት የመጨረሻ ዓመታት ውስጥ ተጠቅልሎ ያልቃል ማለት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት።

መስመሩን የዘረጋው የለንደንና በርሚንግሃም ባቡር ኩባንያ ነው። ዋና መሐንዲሱ ሮበርት ስቲቨንሰን ሲሆን፣ ርዝመቱ 112 ማይል፣ በእኛ ልኬት 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ሁሉ የቆፈረው የቀን ሠራተኛ ነው፤ ያለው መሣሪያ አካፋ፣ ዶማ፣ የእጅ ጋሪ፣ ፈረስና ባሩድ ነበር። ሃያ ሺህ ያህል ሰው ተሰማርቶበታል። ከኩባንያው መሐንዲሶች አንዱ፣ ፒተር ሌካውንት፣ የተነሣውን አፈርና ድንጋይ አስልቶ ሥራው ከጊዛው ፒራሚድ ይበልጣል ብሏል። ፈረንጅ በሥራው መመጻደቅ አያንሰውም፤ ግን ስሌቱን ሳየው ብዙም አልፈረድኩበትም።

መስመሩን ያዘገየው ኪልስቢ የሚባል መንደር ሥር ያለው ዋሻ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከመጀመራቸው በፊት አፈሩን እዚህም እዚያም ቆፍረው ፈትሸው ነበር፤ ጉድጓዶቹ ግን ውኃ ያዘለውን አሸዋ ሳይነኩት አልፈዋል። መሐል ሲደርሱ አሸዋው ከነውኃው ተናደባቸው። ኮረብታው ላይ የእንፋሎት ፓምፖች ተክለው ከአንድ ዓመት በላይ ውኃ ሲቀዱ ኖሩ። 99,000 ፓውንድ ይፈጃል የተባለው ዋሻ ወደ 300,000 ፓውንድ በላ። የሰውም ሕይወት ጠፍቶበታል። ዛሬም ከዚህ ወደ ለንደን ዩስተን የሚሄደው ፈጣን ባቡር የሚያልፈው በዚያው ዋሻ ነው፤ መስኮቱ ድንገት ሲጨልም ሁለት ጊዜ ብልጭ የሚል ብርሃን ካያችሁ፣ ያ ጭሱ እንዲወጣ የተቆፈሩት አሥራ ስምንት ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ጉድጓዶች ናቸው።

በዋሻው ምክንያት በ1838 ከሚያዝያ እስከ መስከረም መስመሩ መሐሉ ላይ ገና አልተገናኘም ነበር። ከለንደን የመጣ መንገደኛ ዴንቢ ሆል የሚባል ቦታ፣ ከዛሬው ሚልተን ኪንስ አጠገብ፣ ይወርዳል፤ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል በፈረስ ሠረገላ ይጓዝና ራግቢ ላይ እንደገና ባቡር ይሳፈራል። የንግሥቲቱ ዘውድ በዓል የዋለው በዚህ መሐል ነው። ያን ጊዜ ሰዉ ፈረስና ሠረገላ ፍለጋ እንዴት እንደተጋፋ ለመገመት፣ የገና ዋዜማ መርካቶ ታክሲ የጠበቀ ሰው ብዙም አይቸገርም። መስከረም 17 ቀን 1838 መስመሩ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ቀኑን ሙሉ በሠረገላ ሲንገላቱ ይመጡበት የነበረው መንገድ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሆነ።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ያን ያህል ዓምድ ለምን አስፈለገ?

ኩባንያው የሚሸጠው ነገር ማንም የማያውቀው ነገር ነበር። ሰው ይፈራዋል፤ ባለ አክሲዮኑም ገንዘቤ ምን ዋጠው ይላል። ስለዚህ በሁለቱ ጫፎች ሁለት ታላላቅ በሮች እንዲሠሩ ተወሰነ፤ አንዱ ለንደን ዩስተን፣ አንዱ እዚህ። ሁለቱንም የነደፋቸው በወጣትነቱ ጣሊያን ሄዶ የሮማን ፍርስራሽ ያጠናው ፊሊፕ ሃርድዊክ ነው። ለንደን ላይ ዶሪክ የሚባለውን፣ ወፍራምና ጌጥ አልባውን ዓምድ አቆመ፤ ሃያ አንድ ሜትር የሚደርስ በር፣ 35,000 ፓውንድ የፈጀ። በርሚንግሃም ላይ አናታቸው እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ አዮኒክ ዓምዶችን ሰጠን፤ ይህኛው 28,000 ፓውንድ ወጣበት። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ሮማውያን እንደቆዩ እኛም እንቆያለን። ለንደን ላይ የገባ፣ በርሚንግሃም ላይ ሲወጣ ያንኑ ቋንቋ በሌላ ቃና ይሰማል።

ውስጡ እንደ ውጭው አያስፈራም። ከታች ቲኬት መቁረጫው ነው፤ ደረጃውን ስትወጡ የኩባንያው ቢሮዎችና የዳይሬክተሮቹ መሰብሰቢያ ነበሩ። ባቡሩ የሚቆመው ከቤቱ ኋላ፣ በብረት ጣሪያ ሥር ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ዛሬ የምታዩት ቤት በሩ ብቻ ነው። ጣቢያው ከኋላው ነበር፣ እሱ የለም። ቀን እንደወጣ ጠፍቷል።

ጎን ለጎን ደግሞ ከሊቨርፑልና ከማንችስተር የሚመጣው የግራንድ ጃንክሽን ኩባንያ መስመር መጥቶ እዚሁ ገጠመ። ስለዚህ ያኔ ከለንደን በባቡር ወደ እነዚያ ከተሞች የሚሄድ ሁሉ በዚህ ያልፍ ነበር። ሁሉም ማለቴ የከፈለውን ነው። ድሀው መጀመሪያ ላይ ቦታም አልነበረው። ኩባንያዎቹ በቀን ቢያንስ አንድ ባቡር ለሦስተኛ ማዕረግ እንዲያስነሡ፣ ፉርጎውም ክዳን እንዲኖረው፣ ዋጋውም ለአንድ ማይል ከአንድ ፔኒ እንዳይበልጥ ያስገደደው በ1844 የወጣ ሕግ ነው። አባቴ ይህን ቢሰሙ "ድሮስ ጣሪያ በሕግ ነው እንዴ!" ይሉ ነበር።

አንድ የምወደው ነገር አለ፤ ከጉዳዩ ትንሽ ቢያወጣኝም ልንገራችሁ። በርሚንግሃም ከለንደን በስተምዕራብ ስለሆነች ፀሐይ አናቷ ላይ የምትደርሰው ሰባት ደቂቃ ተኩል ያህል ዘግይታ ነው። ባቡር ከመምጣቱ በፊት ይህ ማንንም አላስጨነቀም፤ እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ቀትር ነበረው። ባቡር ሲመጣ ግን በየትኛው ከተማ ሰዓት ነው የሚነሣው? የሚል ጥያቄ መጣ። በ1847 ኩባንያዎቹ የለንደንን ሰዓት መስመሩ ሁሉ እንዲከተል ተስማሙ፤ መንግሥት በሕግ ያጸደቀው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1880 ነው። ሰባት ደቂቃ ተኩል ለማቃናት አገር ሙሉ ሲጨቃጨቅ፣ እኛ ይኸው በስድስት ሰዓት ልዩነት ሁለት ሰዓት ይዘን፣ ልደትም ቀጠሮም እየተሳሳትን በሰላም እንኖራለን።

የጣቢያው ችግር ቦታው ነው። የተሠራው ከከተማው ምሥራቃዊ ዳር ነው፤ ወደ ገበያው ለመድረስ በእግር ወይም በሠረገላ መውጣት ግድ ነበር። በ1846 ኩባንያዎቹ ተዋህደው የለንደንና ሰሜን ምዕራብ ባቡር የሚባል ትልቅ ድርጅት ሆኑ። ትልቁ ድርጅት መሐል ከተማ መግባት ፈለገ። ፍሮገሪ የሚባለው የድሆች ሰፈር ፈረሰ፣ ከሥር ዋሻ ተቆፈረ፣ ኒው ስትሪት ተሠራ። በ1854 ሲከፈት የብረትና የመስታወት ጣሪያው ያለ መሐል ምሰሶ ስልሳ አራት ሜትር ይዘረጋ ነበር፤ በዘመኑ በዓለም ላይ ካሉት ባለ አንድ ቅስት ጣሪያዎች ትልቁ ነው። የእኛው ቤት ያን ጊዜ ነው ከመድረክ የወረደው። ስሙ እንኳ የተሰጠው መሄጃው ሲቃረብ ነው፤ እስከ 1852 ድረስ "በርሚንግሃም" ብቻ ይባል ነበር። ሌላ ሲመጣ ነው ሰፈሩ የተጨመረበት፤ ሁለት ከበደ ባለበት ቤት "ትንሹ ከበደ" እንደሚባለው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ረጅምና ቀዝቃዛ ነው። እስከ 1893 ድረስ በበዓል ቀን ሽርሽር የሚሄዱ ሰዎች ይሳፈሩበት ነበር። ከዚያ ውጭ ጭነት ነው። ዓምዶቹ መሐል የዕቃ ጸሐፊዎች ተቀመጡ፤ ጥላሸት ድንጋዩን አጠቆረው። ይህ እስከ 1966 ድረስ ቀጠለ። ለመንገደኛ አሥራ ስድስት ዓመት፣ ለጆንያና ለሳጥን መቶ አሥራ ሁለት ዓመት።

አሁን ሁለቱን ወንድማማቾች አወዳድሩልኝ። የለንደኑ በር ጣቢያው እያደገ፣ እየሞቀ፣ እየተጨናነቀ ሄደ። በ1849 የሃርድዊክ ልጅ ፊሊፕ ቻርልስ ከኋላው ታላቅ አዳራሽ ሠራለት። በመጨረሻ ግን ዩስተን እንደ አዲስ ይሠራ ሲባል ሁለቱም መንገድ ላይ ቆሙ። በሩ በቅርስነት የተመዘገበ ነበር። ባለቅኔው ጆን ቤጀመንና የሥነ ሕንፃ ታሪክ ጸሐፊው ኒኮላውስ ፔቭስነር ተሟገቱለት። ድንጋዩን ነቅሎ ሌላ ቦታ ለመትከል 190,000 ፓውንድ ይፈጃል ተባለ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ማክሚላን ልዑካኑን አነጋግረው ውሳኔውን አልቀየሩም። ከ1961 መጨረሻ ጀምሮ ፈረሰ። ድንጋዩ የት ገባ? አብዛኛው በምሥራቅ ለንደን ሊ ወንዝ አጠገብ ያለ የውኃ ቦይ ጉድጓድ መሙያ ሆነ። በ1994 ዳን ክሩክሻንክ የተባለው የሥነ ሕንፃ ታሪክ ሰው አፈላልጎ አገኘው። ለ2012ቱ ኦሎምፒክ ቦዩ ሲጠገን ጥቂቶቹ ወጡ። የብረት መዝጊያዎቹ ዮርክ ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

ያማረው፣ የተወደደው፣ መሐል ያለው ፈረሰ። የተረሳው ተረፈ። ከርዞን ስትሪትን ያዳነው ማንም እንዳይመስላችሁ፤ በመጀመሪያ ያዳነው የሚጓጓለት መጥፋቱ ነው። መሬቱ ዳር ነበር፣ ቤቱ ለጸሐፊ ይበቃል፣ ለማፍረስም ወጪ አለው። ጥበቃው የመጣው ኋላ ነው፤ ዛሬ በእንግሊዝ ከፍተኛው የቅርስ ደረጃ፣ አንደኛ ደረጃ፣ ተሰጥቶታል። በ1966 ከኋላው ያለው ፈራርሶ ጸዳ፤ ቆይቶም የፖስታ ጥቅል ማከፋፈያ መጋዘን ተሠራበት። ቤቱ አልፎ አልፎ የሥዕል ትርኢት ሲታይበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ተዘግቶ ኖረ።

ስለ እኛ አንድ ነገር ልበል፤ ጥያቄው ሳይመጣ አይቀርም። ይህ ሀዲድ የእኛን ሰው ነክቷል ወይ? ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ከመቅደላ ተወስዶ እዚህ ካደገ በኋላ የተማረባቸው ቤቶች አንዱ ራግቢ ነው። ከራግቢ ወደ ለንደን የሚወስደው ይኸው የስቲቨንሰን መስመር ነበር። እናቱን፣ አባቱን፣ አገሩን ያጣ ልጅ በዚያ መስኮት ምን እያየ እንደሄደ እኔ አልናገርም። የወሰደው ጦር ደግሞ በ1868 ከዙላ ባሕር ዳር ወደ ውስጥ፣ እስከ ኩማይሊ ድረስ፣ አጭር የጦር ሀዲድ ዘርግቶ ነበር። ከቦምቤይ በመርከብ የመጣ ሀዲድ ነው፤ ጦሩ ሲመለስ ነቅሎ ወሰደው። ጣቢያ አልተረፈም፣ ዓምድም አልቆመበትም።

አሁን ወዳለንበት ዘመን ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ከአሥር ዓመት በላይ ሲወራለት የኖረው ፈጣን ባቡር፣ ኤች ኤስ ቱ የሚባለው፣ የበርሚንግሃም መድረሻው እዚሁ ባዶ መሬት ላይ እንዲሆን ተወሰነ። መቶ ስልሳ ዓመት ሙሉ "ዳር ነው" የተባለው ቦታ ድንገት መሐል ሆነ። በ2020 አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩ ክብ የባቡር ማሳደሪያ መሠረት አገኙ፤ በመሐሉ ላኮሞቲቭ ይዞ የሚሽከረከር መድረክ የነበረው። በ1837 ኅዳር ሥራ ላይ የነበረ ነው፤ ምናልባትም በዓለም ከዓይነቱ ሁሉ የመጀመሪያው። ጥቂት ራቅ ብሎ ፓርክ ስትሪት በሚባለው አሮጌ መካነ መቃብር የስድስት ሺህ አምስት መቶ ያህል ሰዎች አጽም ወጥቷል። ከመካከላቸው ጣቢያው ሲሠራ ያዩ ሰዎች ሳይኖሩ አይቀሩም፤ መቃብራቸውን ባቡር መንገድ ፈልጎ እንደሚመጣ ያሰበ አልነበረም።

መጀመሪያ በ2026 ይከፈታል ተባለ። ዓመቱ እየተገፋ፣ ወጪውም እየናረ ነው። ወደ ማንችስተር ይቀጥላል የተባለው ክፍል በ2023 ተሰረዘ። ስለዚህ አዲሱ ሀዲድ ከብዙ ክርክር በኋላ መልሶ የለንደንና በርሚንግሃም ባቡር ሆነ፤ ልክ እንደ 1838ቱ። ልዩነቱ ያኔ አምስት ሰዓት ተኩል የነበረው አሁን 49 ደቂቃ ይሆናል መባሉ ነው። የዓመቱ መገፋትና የወጪው መናር ግን ከኪልስቢ ዋሻ ጋር ሲታይ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ አፈር ያኔም አሁንም በጀት አያነብም።

በጥያቄ ሰዓት አንዲት እህቴ "የእኛስ ለገሃር?" ብላ ጠይቃኛለች። መልካም ጥያቄ ነው። የአዲስ አበባው ለገሃር፣ ፈረንሳዮቹ ላ ጋር ያሉት፣ በ1929 ተመርቆ ነው ሰፈሩን ስም የሰጠው። አሁን የጅቡቲው ባቡር የሚነሣው ከከተማው ዳር፣ ከለቡ በኩል ነው፤ መስመሩ የተመረቀው በ2016 ነው። ስለዚህ የእኛ ነገር የበርሚንግሃም ግልባጭ ነው፤ እነሱ ከዳር ወደ መሐል ገቡ፣ እኛ ከመሐል ወደ ዳር ወጣን። አሮጌው ለገሃር ግን መሐል ከተማ፣ ሁሉም በሚጓጓለት መሬት ላይ ነው የቀረው። በእኔ ሚዛን የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ዩስተንን የገደለው መሬቱ ነው። እህቴ በዚህ አልተስማማችም፤ "የእኛን ሕዝቡ ይወደዋል" አለች። ዩስተንንም ይወዱት ነበር አልኳት።

አንድ ወጣት ደግሞ አዲሱ ጣቢያ አሮጌውን ቤት ይጠቀምበታል ወይ ብሏል። ይታደሳል ተብሏል፤ ከአዲሱ ጣቢያ አደባባይ አጠገብ ይቆማል፤ ባቡር ግን በእሱ በር አይገባም።

ባለፈው ሳምንት ለአባቴ ደውዬ ይህን ንግግር እንዳዘጋጀሁ ነገርኳቸው። ድምፃቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው።

"ያ ሀዲድ የሌለው ጣቢያ?" አሉኝ።

"አዎ። አሁን ግን ሀዲድ ሊዘረጉለት ነው፣ ከጎኑ።"

"ከጎኑ?" ዝም አሉ ትንሽ። "እሱ ቲኬት ይቆርጣል እንዴ?"

"አይቆርጥም አባባ።"

"እሺ" አሉ፣ "ጥበቃ ይሆናላ።"